«ግን» የሌለው ይቅርታ

ማክሰኞ ማታ ነበር። ትንሿ ልጄ፣ ያኔ የስድስት ዓመት ልጅ፣ ውኃ የሞላ ብርጭቆ ይዛ ስትሮጥ ጠረጴዛው ላይ ያሰናዳሁት ወረቀት ላይ ገለበጠችው። የሦስት ቀን ሥራ ድራሹ ጠፋ። ጮህኩባት። ጩኸቱ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። «አንቺ መቼ ነው ሰው የምትሆኚው?» አልኳት። ለስድስት ዓመት ልጅ!

ከአንድ ሰዓት በኋላ፣ እንደ ልማዳችን፣ ከመተኛታቸው በፊት አልጋው ጠርዝ ላይ ተሰብስበን «አባታችን ሆይ» እያልን ነው። «የበደሉንን ይቅር እንደምንል» የሚለው ጋ ስንደርስ የትንሿ ድምፅ ጠፋ። ዓይኔን ስገልጥ ዓይኗን አፍጥጣ እያየችኝ ነው።

«አባዬ፣ አንተ ግን ይቅርታ አልጠየቅከኝም እኮ» አለችኝ።

ምን ይባላል? መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ «ጸሎት ላይ አይወራም» ብዬ ማለፍ ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ታላቅ እህቷና ወንድሟም ዓይናቸውን ገልጠው ይጠብቁኛል። ባለቤቴ አንገቷን እንደደፋች ናት።

«ይቅርታ፤ ግን አንቺም ብርጭቆ ይዘሽ አትሩጪ ተብለሻል» አልኳት።

ልጅቷ ዝም። የመለሰልኝ ወንድሟ ነው። «አባዬ፣ ይሄማ ቁጣ ነው።»

እውነቱን ነው። እንደገና ሞከርኩ። «ስለጮህኩብሽ ይቅርታ። ሰው እንዳልሆንሽ አድርጌ ነው የተናገርኩሽ። ውሸት ነው። ጥፋቱ የኔ ነው።» እዚያ ላይ አቆምኩ። ከሁሉ የከበደኝ ማቆሙ ነው። አፌ ውስጥ ያለችው «ግን» ልትወጣ ትታገላለች።

አባቴ ደግ ሰው ነበር። ሠርቶ አብልቶናል፣ አስተምሮናል፣ ታምመን አድሮ ጠብቆናል። ይቅርታ ሲል ግን አንድም ቀን ሰምቼው አላውቅም። ሲያጠፋ እናውቅ ነበር፤ በማግስቱ ፊቱ ይፈታል፣ ይቀልዳል፣ ነገሩም በዚያው ይረሳል ይባላል። እኔ ግን አልረሳሁትም። እኔም አባት ስሆን ያንኑ መንገድ ያዝኩ። ይህን ልማድ ያስቆመኝ የአስተዳደግ ትምህርት አይደለም። በየማታው የምንደግመው፣ በአፍ ብቻ እየነዳነው ያለፍነው ጸሎት ነው። ስለ ክርስትናችን እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ ስል ከሁሉ በፊት ትዝ የሚለኝ ያ ማታ ነው። ቤታችን ዛሬም ጩኸት አለበት። ተጣልተን የምንመለስበት በር ግን አለን፤ በሩ የት እንዳለም ልጆቹ ሳይቀሩ ያውቃሉ።

እዚህ የደረስነው በአንድ ቀን አይደለም። ከዚያ በፊት ብዙ ነገር አበላሽቻለሁ። ይህን የምጽፈውም «እኛ ቤት ጸሎት አልያዘ አለ» ብሎ ተስፋ የቆረጠ ወላጅ ካለ፣ የኛንም ብልሽት ይስማ ብዬ ነው።

የመጀመሪያ ልጃችን ሰባት ዓመት ሲሞላት «ከዛሬ ጀምሮ የቤተሰብ ጸሎት አለን» ብዬ አወጅኩ። ፕሮግራም አወጣሁ። መዝሙር፣ ንባብ፣ ማብራሪያ (አብራሪው እኔ ነኝ)፣ ከዚያ በየተራ ጸሎት። 45 ደቂቃ። ከእራት በኋላ፣ ሁሉም ደክሞት ዓይኑ በሚጨፈንበት ሰዓት። ዘጠኝ ቀን ቆየ። በዘጠነኛው ቀን ልጁ ማብራሪያዬ መሐል አንኮራፋ። ባለቤቴ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። እኔ ተቆጣሁ። ስለ ትዕግሥት እያስተማርኩ ነበር።

ከዚህ የባሰው ጸሎቱን መገሠጫ ማድረጌ ነው። «ጌታ ሆይ፣ እህቱን የሚመታውን ልጅ ልቡን አለስልስለት» እያልኩ እጸልይ ነበር። ልጁ ከፍ ሲል አንድ ቀን «አባዬ፣ ይሄን ለእግዚአብሔር ነው ወይስ ለኔ የምትነግረው?» ብሎ ጠየቀኝ። ይህ ልጅ ዝም ብሎ አያሳልፈኝም፤ አይታችኋል። ከዚያ ወዲህ ስለ ልጆቼ ጥፋት የምጸልየው ብቻዬን ስሆን ነው። በጋራ ስንጸልይ ስለ እነሱ የማነሣው ምስጋናና በረከት ብቻ ነው።

እንደገና ያስጀመረችኝ ዘዳግም ምዕራፍ 6 ላይ ያለች አንዲት ቃል ናት። ቁጥር 7 ስለ ትእዛዙ ሲናገር ለልጆችህ አስተምረው ይልና፣ በቤትህ ስትቀመጥ፣ በመንገድ ስትሄድ፣ ስትተኛ፣ ስትነሣ «ተጫወተው» ይላል። ተጫወተው! ይህን ክፍል ስንት ጊዜ አንብቤው ቃሏ አልታየችኝም ነበር። ጨዋታ ማለት ወግ ነው። ዛሬም «ቁጭ በልና እንጫወት» ስንባባል ኳስ አምጣ ማለታችን አይደለም። እኔ ግን ቤቴን አዳራሽ አድርጌው ነበር። አራቱን ጊዜያት ደግሞ እዩአቸው። መቀመጥ፣ መሄድ፣ መተኛት፣ መነሣት። አንዱም ፕሮግራም አይፈልግም፤ በየቀኑ ያለ ነገር ነው።

ስለዚህ ፕሮግራሙን ጣልኩት። ማታ «አባታችን ሆይ»ና አንድ አጭር ንባብ፣ ከአምስት ደቂቃ አይበልጥም። ልጆቹ ይበቃል ካሉ ይበቃል። የቀረው በመንገድ ላይ ሆነ። ትምህርት ቤት ሳደርሳቸው ሐሳብ የሚመጣላቸው እነሱ ናቸው። «ዮናስ ዓሣው ሆድ ውስጥ ሲገባ ጨለማ አልፈራም?» «እግዚአብሔር ይሰለቸዋል?» የማላውቀውን አላውቅም እላለሁ። ይሄ መጀመሪያ አሳፍሮኝ ነበር፤ አሁን ግን ከማውቀው ይልቅ የማላውቀው ላይ ብዙ እንደምንጫወት አይቻለሁ።

ከዚያ ደግሞ የእራቱ ጥያቄ መጣ። ባለቤቴ ናት ያመጣችው። «ዛሬ ምኑን እናመስግን?» ትልና ሁሉም አንድ ነገር ይናገራል። ሕጓ ጥብቅ ናት፤ የዛሬ መሆን አለበት፣ ትንሽ መሆን አለበት። «ስለ ሁሉም ነገር» ብሎ ማምለጥ የለም። ልጁ ለፈተና መሰረዝ አመሰገነ። ትንሿ አራት ዓመቷ እያለ አንድ ሳምንት ሙሉ ካልሲዋን አመሰገነች፤ በየቀኑ፣ ያንኑ ካልሲ። እኔ ልቀይርባት ስል ባለቤቴ በዓይኗ አስቆመችኝ።

ሉቃስ 17 ላይ አሥር ለምጻሞች ይነጻሉ። ሊያመሰግን የተመለሰው አንድ ብቻ ነው፣ እሱም ሳምራዊ። ኢየሱስም «ዘጠኙስ ወዴት አሉ?» ይላል። ይህን ታሪክ ካነበብን ወዲህ «ዘጠኙስ?» የቤታችን መጥሪያ ሆነ። ልብሱ ተተኩሶለት አንሥቶ ዝም ብሎ የሚሄድ ሰው ከኋላው «ዘጠኙስ?» ይባላል። ብዙ ጊዜ የሚባልበት ሰው እኔ ነኝ። ከተጋባን 17 ዓመታችን ነው፤ ባለቤቴ የምትሠራውን እየቆጠርኩ ማመስገን የጀመርኩት ግን በልጆች ጩኸት ነው።

እስከዚህ ድረስ ቀላል ነበር።

ከአራት ዓመት በፊት ባለቤቴ የአምስት ወር እርጉዝ ሳለች አስወረዳት። ልጆቹ ስም ሳይቀር መርጠው ነበር። ሰው ሊያጽናና ይመጣል፣ «ለበጎ ነው» ይላል። «እሱ ያውቃል» ይላል። ክፋት የለባቸውም፤ እኔም ለሌላ ሰው ስንት ጊዜ ብዬዋለሁ። ባለቤቴ ግን በእያንዳንዱ «ለበጎ ነው» ላይ ፊቷ ትንሽ ጭምድድ ሲል አይ ነበር።

በሦስተኛው ቀን እራት ላይ ልጁ በልማድ «ዛሬ ምኑን እናመስግን?» አለ። ያለው ገና ከአፉ ሲወጣ ደነገጠ። ማንም ማንኪያ አላነሣም። ባለቤቴ ቀና ብላ «ዛሬ የለኝም» አለች።

እኔ ሰባኪነቴ ተነሣ። «በሁሉ አመስግኑ» የሚለው፣ 1ኛ ተሰሎንቄ 5፥18፣ ምላሴ ላይ ነበር። ተመስገን፣ አላልኩትም። ኋላ ላይ ቁጥሯን ደጋግሜ አየኋት። «በሁሉ» ነው የምትለው፤ ያ ማለት ሐዘኑ ውስጥም ሆነህ ነው፣ የሐዘኑን ምክንያት ራሱን ወድደህ ጨፍር አይልም። ኤፌሶን 5፥20 ላይ «ስለ ሁሉ» የሚል እንዳለ አውቃለሁ። እዚያ ገና አልደረስኩም፤ ደርሻለሁ ብል እዋሻለሁ።

ያን ማታ መዝሙር 13ን አነበብን (በሌላው አቆጣጠር 12ኛው ነው)። ስድስት ቁጥር ብቻ ናት። «አቤቱ፣ እስከ መቼ ፈጽመህ ትረሳኛለህ?» ብላ ነው የምትጀምረው። ልጁ «እንዲህ ማለት ይቻላል እንዴ?» አለ። «መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ነው ያለው» አለችው እናቱ። በሦስት ቀን ውስጥ ከአንድ ቃል በላይ ስትናገር ያኔ ሰማኋት። መዝሙሯ መጨረሻ ላይ ወደ ምስጋና ትዞራለች። እኛ ግን ያን ማታ እዚያ አልደረስንም። ቁጥር 2 ላይ ዘጋነው።

አንዲት ትልቅ ሴት፣ ቤተ ክርስቲያን የምናውቃቸው፣ መጡ። ሰላም ብለው ገቡ። የተከማቸውን ሣህን አጠቡ። ከባለቤቴ አጠገብ ተቀምጠው እጇን ያዙ። ሁለት ሰዓት ያህል አንድም ቃል አልተናገሩም። ከዚያ ተነሥተው ሄዱ። በሳምንቱ ደገሙት። የኢዮብ ወዳጆችም ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ምንም ሳይናገሩ አብረውት መሬት ላይ ተቀምጠው ነበር፤ የተበላሸው ማስረዳት ሲጀምሩ ነው። ሐዘን ቤት ለመሄድ ቃል ጠፍቶህ የምትሸሽ ሰው ከሆንክ፣ ቃሉ ይቅርና ሂድ።

ከዚያ ወዲህ «ዛሬ የለኝም» የሚለው መልስ በቤታችን ሕግ ሆነ። የሚል ሰው አይጠየቅም፣ አይሰበክለትም፣ ቀጣዩ ይቀጥላል። ባለቤቴ ሁለት ወር ገደማ «የለኝም» አለች። አንድ ማታ ተራዋ ሲደርስ «የታጠብኩበት ውኃ ሙቀቱ ጥሩ ነበር» አለች። ያቺን ዓረፍተ ነገር አልረሳትም። ልጆቹ ግን ምንም እንዳልተፈጠረ ቀጠሉ፤ ትንሿ ወደ ካልሲዋ ተመለሰች።

አሁን ያንን መልስ አብዝታ የምትጠቀመው ትልቋ ልጃችን ናት። 15 ዓመቷ ነው። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ጮክ ብላ መጸለይ አቆመች። ማታ አብራን ትቀመጣለች፣ አትናገርም። እኔ መጀመሪያ ማስገደድ አማረኝ። «በዚህ ቤት እስካለሽ ድረስ...» የሚለውን ንግግር ሳይቀር አሰናድቼ ነበር። ባለቤቴ ቆላስይስ 3፥21ን ጠቀሰችልኝ፤ አባቶች፣ ልባቸው እንዳይዝል ልጆቻችሁን አታበሳጩ የሚለውን። «ልባቸው እንዳይዝል» ይላል አየህ፣ ልቧ ነው የሚደክመው አለችኝ። ተስማማን። መቀመጡ የቤቱ ሕግ ነው፣ መናገሩ የእሷ ነው። ያስጨንቀኛል ወይ? አዎ፣ ያስጨንቀኛል። አንዳንድ ማታ ዝምታዋ ከሁላችን ጸሎት በላይ ይሰማኛል። ትጠይቀኛለች ግን። ያውም ከባድ ከባዱን፣ መኪና ውስጥ፣ ፊት ለፊት ሳንተያይ። ጥያቄ ያለው ልጅ ገና አልሄደም ብዬ ራሴን አጽናናለሁ።

ስለ እኔና ስለ ባለቤቴም አንድ ነገር ልጨምር። «በቁጣችሁ ላይ ፀሐይ አይግባ» የሚለውን ኤፌሶን 4፥26ን ስንጋባ እንደ ሕግ ያዝነው። ውጤቱ ምን ሆነ መሰላችሁ? እኩለ ሌሊት አልፎም ቁጭ ብለን መከራከር። ተጣልተን መተኛት ኃጢአት ነው ብለን፣ እንቅልፍ አጥተን፣ በድካም የባሰ ቃል እንወራወራለን። ፀሐይዋ እኮ ከገባች ቆይታለች! ከዓመታት በኋላ የገባን ነገር፣ ቁጣን መጣልና ክርክርን መጨረስ ሁለት ነገር መሆናቸው ነው። አሁን «ነገ እንጨርሰዋለን፣ አልጠላሁሽም» እንባባላለን፣ እጅ ለእጅ ተያይዘን አጭር ጸሎት እንጸልያለን፣ እንተኛለን። ጠዋት ላይ ከጭቅጭቁ ግማሹ ረኀብና ድካም ሆኖ ይገኛል።

ወደ ይቅርታው ልመለስ፤ ብዙ ወላጅ የሚጠይቀኝ እሱን ነው። «ልጅን ይቅርታ መጠየቅ አያስንቅም ወይ?» ይሉኛል። በኔ ቤት አላስናቀም። እንዲያውም ልጆቼ ጥፋታቸውን መደበቅ ቀነሱ። አባት ጥፋቱን ተናግሮ ሰማይ ካልተደፋበት፣ ልጅም ይደፍራል።

እኔ የተማርኩት ይሄ ነው። ቁመትህን ዝቅ አድርግ፤ ቆመህ ወደ ታች የሚነገር ይቅርታ ትእዛዝ ይመስላል። ያጠፋኸውን በስሙ ጥራው፤ «ካስቀየምኩሽ» አይባልም፣ አስቀይመሃታል። «ግን» ካለበት ሌላ ቀን ይደር፤ የልጁን ጥፋት ማረም ካለብህ በሌላ ሰዓት አርመው። ከሁሉ በላይ ደግሞ መልስ አትጠብቅ። ይቅርታ ጠይቀህ «በይ እሺ በይኛ» ብለህ አታስጨንቃት። እኔ መጀመሪያ ላይ ወዲያው እንድታቅፈኝ እፈልግ ነበር። ያ ለሷ ብዬ ሳይሆን ለራሴ እፎይታ ነበር።

አንድ ነገር ግን በግልጽ ልናገር። ይህ ሁሉ ስለ ተራው የቤት ግጭት ነው። በቤት ውስጥ ዱላ ካለ፣ አንዱ ሌላውን በፍርሃት የሚያኖር ከሆነ፣ «ይቅር በይው፣ ክርስቲያን ነሽ» ማለት የተጎዳውን ሁለተኛ መምታት ነው። መጀመሪያ ደኅንነት ነው፤ ለሚታመን ሰው መንገር፣ እርዳታ መፈለግ፣ ካስፈለገ መውጣት። ይቅርታ አደጋ ውስጥ ቁጭ በሉ ማለት አይደለም።

ደግሞ «ባለቤቴ አያምንም፣ ብቻዬን ነኝ» የምትሉ አላችሁ። ለናንተ የጢሞቴዎስ ቤት አለ። አባቱ የግሪክ ሰው ነበር፤ ጳውሎስ በ2ኛ ጢሞቴዎስ 1፥5 ስለ እምነቱ ሲያነሣ የሚጠራው ግን አያቱን ሎይድንና እናቱን ኤውንቄን ነው። ሁለት ሴቶች፣ በየተራ። እንዴት እንዳስተማሩት አልተጻፈም። 45 ደቂቃ ፕሮግራም እንዳልነበራቸው ግን እኔ እገምታለሁ።

እሑድ ጠዋት ስለሚሆነው ብዙ ባልናገር ይሻላል። አንድ እግር ጫማ ሁልጊዜ ይጠፋል። መኪና ውስጥ የምንባባለውን ሰምቶ፣ በር ላይ ስንደርስ የምናሳየውን ፈገግታ ያየ ሰው ሁለት ቤተሰብ ነው የሚመስለው። መንገድ ላይ የጀመርነው ነገር አለ፤ ከመውረዳችን በፊት መኪናው ጠፍቶ አንድ ደቂቃ ዝም እንላለን። ይቅርታ ያለበት ይናገራል። አንዳንዴ ሁላችንም እኩል እንናገራለን።

ባለፈው ወር ነው። የታጠፈ ልብስ ይዤ ወደ ልጆቹ ክፍል ስሄድ በሩ ገርበብ ብሏል። ቀን ትልቋ ከወንድሟ ጋር ተጣልታ ሥዕል የሚሥልበትን ደብተር ቀድዳበታለች። ቤቱ ሁሉ ሰምቷል። እኔ ጣልቃ ልገባ ማታን እየጠበቅኩ ነበር።

ድምፅዋን ሰማሁ። ዝቅ ያለ ነው፤ ወለል ላይ ሳትቀመጥ አትቀርም።

«ደብተርህን የቀደድኩት ተናድጄ ነው። የደከምክበት ነበር። ጥፋቱ የኔ ነው።»

ረጅም ዝምታ።

«ገና አልተውኩልሽም» አለ ልጁ።

«እሺ» አለች። «እጠብቃለሁ።»

ልብሱን እንደታቀፍኩ፣ በሩን ሳልነካ፣ በእግር ጣቴ ወደ ኋላ ተመለስኩ።